“ኔትወርክ የለም” የሚባለው መልስ ይመርመር



ወረቀት ለማውጣት ወደ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ሁለት መልስ ያውቃል። አንደኛው “ነገ ተመለስ” ሲሆን ሁለተኛው “ኔትወርክ የለም” ነው። ስለ መጀመሪያው በየስፍራው ብዙ ተጽፏል፤ የሚለወጥም አልመሰለንም። ዛሬ የተነሣነው ስለ ሁለተኛው ነው። “ነገ ተመለስ” የሚለው ሰው ቢያንስ ወረቀቱ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ መኖሩን ያውቃል። “ኔትወርክ የለም” የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የተዘጋው መንገዱ ይሁን ቤቱ፣ የጠፋው ቁልፉ ይሁን ንብረቱ ለይቶ አያውቀውም። ሳይለዩ የሰጡት መልስ ደግሞ ያስቸኩላል፤ የቸኮለ እጅም ያጠፋል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ስሙን በማንጠቅሰው በአንድ ትምህርት ቤት የደረሰ ነገር ነው። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ሞተ። መሞት ያለ ነው፤ መብራት እየሄደ እየመጣ በሚያንገላታው አካባቢ ሃርድ ዲስክ ዕድሜ የለውም። ደግነቱ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ቀደም ብለው የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር “ኢሜጅ” የሚባለውን፣ በሌላ ክፍል ባለ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጠው ኖሯል። የስንት ዓመት ሮስተር፣ የስንት ልጅ ትራንስክሪፕት በዚያ ውስጥ ነው። ታዲያ ከዚህኛው ክፍል ሆነው በኔትወርክ በኩል ሊከፍቱት ቢሞክሩ አልከፈት አለ። አንዴ “ፈቃድ የለህም” ይላል፤ አንዴ “መንገዱ አልተገኘም” ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ይጀምርና መሐል ላይ ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን “ኔትወርክ የለም” ተባለ። በሁለተኛው ቀን “ባክአፑ ተበላሽቷል” ተባለ። በሦስተኛው ቀን፣ አንባቢ ልብ ይበል፣ “ከተበላሸ ቦታ ከሚይዝ ይጥፋና በአዲስ ይተካ” ተባለ። በሩ ላይ ግን ለሥራ ማመልከቻ ማስረጃ የሚፈልጉ ልጆች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ከቆላ ተነሥታ፣ ግማሹን በእግሯ ግማሹን በመኪና፣ ሁለት ቀን ተጉዛ የመጣች ናት።

ሳይጠፋ የቀረው አንዲት የሒሳብ መምህርት “እስኪ መጀመሪያ ወደዚህ አምጥተን እንየው” ስላሉ ብቻ ነው። ፋይሉን በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው አመጡት፤ በእጃቸው ባለው ኮምፒዩተር ላይ ከፈቱት። ተከፈተ። አንድ መስመር አልጎደለበትም። ለሦስት ቀን “ተበላሽቷል” ሲባል የሰነበተው ቅጂ ደኅና ነበር፤ የታመመው መንገዱ ነው።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። በኔትወርክ አልከፈት ያለ ቅጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በአንጻሩም ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ የተሳሳቱ እምነቶች በየቢሮው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቅጂው በመደርደሪያ ላይ ሳለ ማንም አይጠራጠረውም፣ ባስፈለገ ጊዜ አልከፈት ሲል ደግሞ ማንም አያምነውም። መደረግ ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ለመሆኑ ኢሜጅ የሚባለው ምንድን ነው? አንድ ሰው ከቤቱ የሚፈልገውን ዕቃ ለቅሞ ቢያወጣ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ከነመደርደሪያው፣ ከነሣጥኑ፣ ከነቁልፉ አንሥቶ ቢያስቀምጥ ሌላ ነገር ነው። ፋይል መገልበጥ የመጀመሪያው ነው፤ ኢሜጅ ሁለተኛው። ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሞቹና ሰነዶቹ በሙሉ እንደ አቀማመጣቸው በአንድ ግዙፍ ፋይል ይጠቀለላሉ። ጥቅሙ ኮምፒዩተሩ ሲሞት ሌላ ዲስክ ላይ ዘርግቶ እንደነበረ ማስነሣት መቻሉ ነው። ችግሩ ደግሞ ከዚያ ጥቅል ውስጥ አንዲት ወረቀት ለማውጣት ጥቅሉን እንደ ዲስክ አድርጎ የሚከፍት ፕሮግራም ማስፈለጉ ነው። ቪ.ኤች.ዲ. እና ቪ.ኤች.ዲ.ኤክስ. የሚባሉትን ጥቅሎች ዊንዶውስ በራሱ ይከፍታቸዋል። እንደ አክሮኒስና ማክሪየም ያሉት ግን የየራሳቸው አጠቃለል ስላላቸው የሚከፈቱት በተሠሩበት ፕሮግራም ነው፤ ያውም እትሙ ከተሠሩበት ያነሰ ከሆነ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ቅጂውን አስቀምጦ መክፈቻውን መጣል ጎተራ ሠርቶ በር እንደ መርሳት ነው።

የድብ ባሕርን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከዛሪማ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ድብ ባሕር ደርሶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ዳገት ሳይወጣ ቢቀር፣ ደባርቅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ነጋዴ “እህሉ ነቅዟል” አይልም። “መንገዱ ምን ሆነ?” ነው የሚለው። ናዳ ወርዶ እንደሆነ፣ ጎማ ፈንድቶ እንደሆነ፣ ኬላ ላይ ወረቀት ተጠይቆ እንደሆነ ተራ በተራ ያጣራል። የባሰ እንደሆነም ሰው ልኮ ጭነቱን ካለበት ያስመረምራል። ነጋዴው ያለ ሥልጠና የሚያደርገውን እኛ ዲፕሎማ ይዘን ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ለምን እንተወዋለን?

መንገዱን ከታች እንጀምረው። ከሁሉ አስቀድሞ “ኔትወርክ” በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር እየጠራን መሆናችንን እንወቅ። አንዱ ኢንተርኔት ነው። ሁለተኛው በግቢ ውስጥ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው በኬብልና በስዊች የሚሄደው ነው። ይህኛው የኢትዮ ቴሌኮምን መስመር አይጠብቅም፤ መብራትና ደኅና ኬብል ካገኘ ይሠራል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቅጂውን በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ ያኖረ ሰው በእነዚያ ወራት ቅጂ እንደሌለው ሰው ነበረ። በግቢው ውስጥ ያኖረው ግን ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ከፋይሉ አያግደውም። ሆኖም ዛሬም ሞባይሉ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ “ኔትወርክ ስለሌለ መዝገብ አይከፈትም” የሚል አለ፤ መዝገቡ እኮ ከግድግዳው ማዶ ነው!

ከዚያ ኬብሉ ይታይ። የኔትወርክ ኬብል በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ አለው። በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ለማስተላለፍ አራቱም ጥንድ ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ሜጋቢት ሁለቱ ይበቃሉ። ወንበር የተቀመጠበት ወይም አይጥ የቀመሰችው ኬብል አንድ ጥንድ ሲበጠስበት ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይሞትም፤ ወደ 100 ይወርዳል እንጂ። መብራቱ ብልጭ ስለሚል ሁሉም “ይሠራል” ይለዋል። ሒሳቡን ሠልጣኞች ሥሩት፦ 60 ጊጋባይት የሆነ ኢሜጅ በ1,000 ሜጋቢት መስመር ቢበዛ ከተቀላጠፈ በ8 ደቂቃ ያህል ይደርሳል፤ በ100 ሜጋቢት ግን ከ80 ደቂቃ አያንስም። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በሥራ ላይ ከዚህም ይብሳል። በዋይፋይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ በሁለት ግድግዳ መካከል ምን እንደሚደርስበት እንጃ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ፋይሉን መገልበጥና ፋይሉን እዚያው ባለበት ከሩቅ መክፈት አንድ አይደሉም። ሲገለበጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ይነበባል። ባለበት ሲከፈት ግን ፕሮግራሙ እዚህም እዚያም እየዘለለ ትንንሽ ቁራሽ ያነባል፤ መልሱ በመዘግየቱ ወይም መስመሩ ለቅጽበት በመቋረጡ ብቻ “ጥቅሉ ተበላሽቷል” ብሎ ሊተወው ይችላል። የመምህርቷ ምክር የሠራውም ለዚህ ነው። አልከፈት ሲል የመጀመሪያው እርምጃ ማጥፋት ሳይሆን ማቅረብ ነው። በነገራችን ላይ በፍላሽ ለማምጣት የሚሞክሩ ሰዎች “ፋይሉ ትልቅ ነው” የሚል መልስ ሲደርሳቸው ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ይገረማሉ። ምክንያቱ ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሮጌ አሠራር የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ እርሱ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ወይም ኤክስ ፋት በሚባለው የተዘጋጀ ዲስክ ይፈለግ።

አሁን ወደ ኬላው እንምጣ፤ አብዛኛው ጭነት የሚቆመው እዚህ ነው። የሌላውን ኮምፒዩተር ፎልደር “ዜድ” በሚል ፊደል ዲስክ አስመስለን ከእኛ ኮምፒዩተር ጋር እናገናኘዋለን እንበል። በዓይናችን እናየዋለን። የኢሜጅ መክፈቻው ፕሮግራም ግን “ዜድ የሚባል የለም” ይላል። ሠልጣኙ ኮምፒዩተሩ ያበደ ይመስለዋል። ኮምፒዩተሩ አላበደም። መክፈቻው የሚሠራው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው፤ “ዜድ” የተገናኘው ደግሞ በተራ ተጠቃሚነታችን ነው፤ ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ስለሚቆጥራቸው አንዱ ያገናኘውን ሌላው አያየውም። በፊደሉ ፈንታ የኮምፒዩተሩንና የፎልደሩን ሙሉ ስም መጻፍ፣ ስምና ይለፍ ቃል ሲጠይቅም እዚያው መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሌላም አለ። ጠዋት አንድ ባልደረባ በራሱ ስም ወደ ሰርቨሩ ገብቶ የሆነ ፎልደር ከፍቶ ትቶት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሌላው በዚያው ኮምፒዩተር በሌላ ስም ወደዚያው ሰርቨር ሊገባ ሲል ይከለከላል። ዊንዶውስ ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሁለት ስም አይቀበልማ። የፊተኛውን ግንኙነት ማቋረጥ ወይም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው መፍትሔው። እንግዲህ ለዚህ ነው ሰው “ትናንት ተከፍቶልኝ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?” ሲል የምንሰማው።

የሰዓት ነገርማ የእኛው አገር ልዩ ችግር ነው። በማዕከላዊ ሰርቨር በሚተዳደር ኔትወርክ ላይ የሁለቱ ኮምፒዩተሮች ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ሰርቨሩ መግባትን ይከለክላል። በእናት ቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት ኮምፒዩተሩ ባሰነሡት ቁጥር ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል። ደግሞም አንዳንዱ “በእኛ አቆጣጠር ይሁንልኝ” ብሎ ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ሥራ 9 ሰዓት ሲባል ማን ደስ ይለዋል? ነገር ግን ሰርቨሩ ይህን አያውቅም፤ የ6 ሰዓት ልዩነት አይቶ በሩን ይዘጋል። ይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ “አይገባም” ሲባል በግድግዳው ሰዓትና በኮምፒዩተሩ ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ምንም ወጪ የለውም።

የቋንቋ አለመግባባትም አለ። ኮምፒዩተሮች ፋይል ሲለዋወጡ የሚነጋገሩበት ኤስ.ኤም.ቢ. የሚባል ቋንቋ አለ፤ የመጀመሪያው እትሙ በጣም ያረጀ ነው። ዋናክራይ የተባለው ተባይ በግንቦት 2009 ዓ.ም. (በ2017 እ.ኤ.አ.) ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የገባው በዚሁ በአሮጌው ቋንቋ ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች አሮጌውን ቋንቋ ከአገልግሎት እያወጡት ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ እትም ደግሞ ያለ ስም በእንግድነት መግባትን ጭምር ከልክሏል። ስለዚህ ለዓመታት ሲሠራ የቆየ የማስቀመጫ ሣጥን አዲስ ኮምፒዩተር በተገዛ ማግስት “አልተገኘም” ይባላል። ሣጥኑ አለ፤ ቅጂውም አለ፤ ቋንቋቸው ተለያይቶ ነው።

ታዲያ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፈጣን መድኃኒት ምንድን ነው? “አሮጌውን መልሰህ ክፈት፣ ፎልደሩንም ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ስጥ፣ ይሠራልሃል።” አዎ፣ ይሠራል። እኛ ግን ይህን መድኃኒት አጥብቀን እንቃወማለን። ለሁሉም የተፈቀደ ፎልደር ለተባዩም የተፈቀደ ነው። ቅጂው የሚቀመጠው ዋናው ሲጠፋ እንዲያገለግል ሆኖ ሳለ፣ ከማንኛውም ክፍል ሊጻፍበት የሚችል ከሆነ ዋናውን የቆለፈው ቫይረስ በዚያው ሰዓት ቅጂውንም ይቆልፈዋል። ቅጂ መከፈት ያለበት ለማንበብ ብቻ ነው፤ የመክፈቻ ፕሮግራሞቹ አብዛኞቹ ይህን ምርጫ ይሰጣሉ። መጻፍ የሚገባው ባክአፕ የሚሠራው አንድ ስም ብቻ ይሁን። አሮጌውን ሣጥን በተመለከተ ዘመኑ ካለፈ ቅጂውን በአሮጌ ኮምፒዩተር በኩል አውጥቶ ወደ አዲስ ስፍራ ማዛወር ይሻላል። አድካሚ ነው፤ ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ነው የሚፈጀው።

ቅጂው ቀርቦም አልከፈት ካለስ? ያን ጊዜ ነው ጭነቱን መመርመር። ለዚህም ቀላል ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚወጣ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ይሰላል፤ ዊንዶውስ ራሱ ያሰላዋል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። ቅጂው በተሠራበት ቀን አሻራውን በወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ በአሥር ደቂቃ “ተበላሽቷል” ወይም “አልተበላሸም” ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ያልጻፈው ግን ይጨቃጨቃል። በይለፍ ቃል የታሸገ ቅጂም ከሆነ ይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መኖር የለበትም። ሰው ይዛወራል፤ ይታመማል፤ ይሞታል። በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ።

ተከፈተ ማለትስ ተነበበ ማለት ነው? ይህ ደግሞ ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የተሰጠ መከራ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ይጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አቀማመጥ ባላቸው የፊደል ዓይነቶች ነበር። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ያ ሰነድ ሲከፈት የተማሪው ስም በላቲን ፊደልና በምልክት የተሞላ ቅራቅንቦ ሆኖ ይወጣል። ያየ ሰው “ይኸው ተበላሽቷል” ይላል። አልተበላሸም፤ ፊደሉን ጫኑለት። እንዲህ ያለ ሰነድ የያዘ ቅጂ አብሮት የፊደሉ ፋይል ሊቀመጥለት ይገባል። ኢሜጅ ከተራ ቅጂ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ፊደሉን ከነቤቱ ይዞ ይቀመጣል።

የቀደሙ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቁትም ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን በፊልም አነሣ፤ ቅጂዎቹም በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ ተቀመጡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት የዝርዝራቸውን ካታሎግ አዘጋጁ። ያን ፊልም ዛሬ ለማንበብ ብርሃንና ማጉያ መስተዋት ይበቃል። የእኛ ኢሜጅ ግን ፕሮግራም፣ እትም፣ ስም፣ ይለፍ ቃል፣ ፈቃድና ሰዓት ይጠይቃል። ይህን ስንል ወደ ፊልም እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ የሚጠይቀው ከበዛ ዝግጅቱም መብዛት አለበት ለማለት ነው።

ወደ አቅራቢያችንም እንመልከት። ዳባት ላይ፣ በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ከ1989 ዓ.ም. (ከ1996 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ጣቢያ አለ። የእንደዚህ ያለ መዝገብ ዋጋው በርዝመቱ ነው። የዘንድሮው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ከመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነውና፣ የመጀመሪያው ፋይል ከሠላሳ ዓመት በኋላ መከፈት አለበት። የትምህርት ቤት ሮስተርም ከዚህ አይለይም። ዛሬ አንደኛ ክፍል የምትመዘግቡት ሕፃን ማስረጃውን የሚፈልገው ጎልማሳ ሆኖ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ማንም አልረሳውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። በዚያው ዘመን የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፤ ንብረታቸው ወድሟል። ሰው ካለቀበት ነገር ጎን ስለ ኮምፒዩተር ማውራት ይከብዳል። ነገር ግን ከሞት ተርፎ ከስደት የተመለሰ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው የስንተኛ ክፍል ማስረጃ እንዳለው ነው። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ቅጂ ከዘራፊ አያድንም። አንዱ ቅጂ ከኔትወርክ ተነቅሎ በሌላ ከተማ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሠልጣኞች “ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛ የምንማረው ማስተማር ነው” ይሉናል። በከተማ ለሚመደብ ምናልባት እውነት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የምንመደበው ግን ባለሙያው እኛው ራሳችን ወደምንሆንበት ትምህርት ቤት ነው። ርእሰ መምህሩ “አንተ ወጣት ነህ፣ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፣ እስኪ እየው” ይሉናል፤ ያን ቀን “አልተማርንም” ብንል ማን ይሰማናል? ደግሞም ባለሙያ ያላቸው ቢሆኑ ከዚህ ችግር አይድኑም። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጊትላብ የሚባለው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚገለገሉበት ድርጅት፣ አንድ ሠራተኛ የመረጃ ቋቱን በስሕተት አጥፍቶ ወደ ቅጂዎቹ ቢዞሩ ካዘጋጇቸው አምስት ዘዴዎች አንዱም በሚገባ እየሠራ አልነበረም፤ ይህንም ድርጅቱ ራሱ በግልጽ ለሕዝብ ተናግሯል። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ ነው። የጎደላቸው ሙያ አልነበረም፤ ቅጂዎቹን ቀደም ብሎ ከፍቶ የሞከረ አልነበረም እንጂ።

ከመምህራን ወገን ደግሞ “የሰው ውጤት በተማሪ እጅ ይገባል ወይ?” የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ልክ ነው፤ አይገባም። ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ በሁለት የተከፈለ ነው። ሠልጣኞች የሚለማመዱበት ኢሜጅ ስሞቹና ውጤቶቹ በፈጠራ ከተሞሉ ሮስተር ይሠራ፤ በላቦራቶሪው ባለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ በየተራ በኔትወርክ ይከፈት፣ ኬብሉ ሆን ተብሎ ይነቀል፣ ሰዓቱ ይዛባ፣ ፈቃዱ ይነሣ፣ ሠልጣኙም ምክንያቱን ፈልጎ ያግኝ። ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር ንግግር ይልቅ ይህ የሁለት ሰዓት ልምምድ ይበልጣል ብለን እናምናለን። እውነተኛውን የመዝገብ ቅጂ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ራሱ በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ ሁለት መምህራን በታዛቢነት ባሉበት ይክፈተው፤ የአንድ ሰው ውጤት ይውጣ፤ ከወረቀቱ ሮስተር ጋር ይነጻጸር። አንድ ብቻ። መብራት ጠፋ፣ ስብሰባ አለ፣ ቁልፉ ከእገሌ ጋር ነው የሚለው ምክንያት እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ቀኑ ከፈተና ሳምንት አስቀድሞ በትምህርት ዘመኑ ካላንደር ላይ ይጻፍ።

ቅጂው ባለበት ኮምፒዩተር ጎን ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በምን ፕሮግራምና በየትኛው እትም እንደተሠራ፣ አሻራው፣ የይለፍ ቃሉ ፖስታ የት እንዳለ፣ ሁለተኛው ቅጂ በየትኛው ከተማ እንዳለ፣ በመጨረሻም “ተከፍቶ የታየበት ቀን” ይጻፍበት። የወረቀቱን ናሙና አዘጋጅተን ከዚህ ሰሌዳ በስተቀኝ ሰቅለነዋል። በላቦራቶሪው ልምምድ ለመሳተፍ የምትፈልጉ ሠልጣኞች ከሥሩ ስማችሁን ጻፉ፤ እስክሪብቶው በክር ታስሯል።